ሁለት ጭንቅላት

ዉጅ ከተማ፣ ፖላንድ፤ ከትራሞች ማደሪያ ጀርባ፣
ጥቀርሻ የጠጣ ሕንጻ፣ ደረጃው ጨለማ የሚያስገባ።
ምድር ቤቱ ብስክሌት፣ ድንች፣ በኮምጣጤ የተኛ ዱባ፤
ከላይ እኔ፣ ሴቬሪና፣ የካርቱን ሠዓሊ፣ ባለጡረታ፣
ቀለሜን አጥቤ የሰቀልኩ፣ እጄ ግን ዛሬም የማይፈታ።

«የመጨረሻው ትራም» ነበር የሥራችን ስም።
ሹፌሩ ፓን ሙክ አንገቱ ላይ ምንም የለም፤
ጭንቅላቱን በምሳ ዕቃ ይዞ ነው የሚዞር ዓለም።
ቲኬት ቆራጯ ቶላ፣ የስምንት ዓመት ልጅ፣
ሙት ቢሳፈር፣ ጭራቅ ቢሳፈር፣
«ሒሳብ!» ትላለች፣ ዘርግታ እጅ።

የጎረቤቴ ልጅ ቲሜክ፣ ሁለት ጥርስ የጎደለው፣
እናቱ ሌሊት ስትሠራ እኔ ጋ ነው የሚያመሸው።
ትናንት ሁሉንም ከፈትኩለት፤ እሱ ከብርድ ልብስ ሥር ሆኖ አየ፣
እኔ እንደ ዳኛ ተቀመጥኩ፣ የገዛ ሥራዬ ፊቴ ተሰየመ፣ ታየ።

ደጉን ደግ ልበል፦ ፍርሃትን አልናቅንም።
ልጅን «ምንም የለም፣ ተኛ» ብለን አልሸነገልንም።
«አለ» አልነው። «አለ፤ ግን ካልሲው የተቀደደ ነው።»
ጭራቁ ከቦይለሩ ጀርባ ብቅ ሲል ሙዚቃው ጸጥ፤
አንድ… ሁለት… ሦስት… ከዚያ ያስነጥሳል።
«ይማርህ» ትለዋለች ቶላ። ልጁ በሳቅ ይወድቃል።
ያቺን ዝምታ የቆጠረ ኦልጌርድ ነው፣ የድምፅ ሰው፣ ነፍሱን ይማር፤
«ድንጋጤና ሳቅ መሃል አንድ ትንፋሽ ናት ያለችው፣
እሷን አትንኩብኝ» ይል ነበር።

ጉድለቱስ?
ፈስ።
ሐሳብ ባለቀ ቁጥር ፈስ፣ ጸሐፊው ሲታመም ፈስ፤
በሦስተኛው ዓመት ትራሙም በፈስ ነበር የሚንቀሳቀስ።
ወፍራሙ ብሩኖ ደግሞ፣ ሥራው መውደቅ፣
ወድቆ መነሣት፣ ተነሥቶ ማሳቅ።
ልደቱን አላከበርንለት፣ ቤት እንኳ አልሳልኩለት፤
ሺህ በር ስዬ ለጣረሞት፣ ለእሱ አንድ አልከፈትኩለት።
የቶላ እናት ጀርባ ብቻ ናት፤ ለፊቷ በጀት አጠረን፤
ልጆች «ጭራቋ እሷ ናት?» ብለው ጻፉ፤ ሳቅን፣ አልመለስን።

የከፋው ግን ማብራሪያው ነው።
ወላጆች ተቆጡ፣ ጣቢያው ፈራ፣ ከልጆቹ ይልቅ እሱ ፈራ፤
ባለመነጽር ፕሮፌሰር አስገባብን፣ በየመጨረሻው የሚያወራ፦
«ይህ ጥላ የፋኖስ ነው፤ ያ ጩኸት የቧንቧ ነው።»
አምፖል ይዞ መጣ፣ ጨለማችንን ዘረፈው።

የራሴም ኃጢአት አለ፣ ክፍል ዐሥራ ሰባት፣
ባልደረባዬ ታማ ፓን ሙክን የሳልኩባት፣
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ዓይኔ ተከድኖ በግማሽ፦
ጭንቅላቱን አንገቱ ላይ አኖርኩ፣
ምሳ ዕቃውም ውስጥ ተውኩት፣ ሌላ ጭንቅላት እንደሚሻ።
ማንም አላየም። እኔ ግን ስንት ዓመት አፈርኩ።

ያቺ ሥዕል ስትደርስ ላሳልፋት ሪሞቱን አነሣሁ፤
ቲሜክ እጄን ለቀም አደረገ። «ተይው! ይህችን ነው የምፈራት!»
በተሸረፈ ሳቅ ሹክ አለኝ፦
«አንዱ የራሱ ነው። ሌላው ግን የማን ነው?»
መልስ ፈለግኩ። የለኝም።
ሌላውን ሁሉ አስበን ነበር የሠራነው።

ዱባ አማረው። ማሰሮው ደግሞ ከምድር ቤት ነው።
የደረጃው አምፖል ተቃጥሏል፤ ይህንኑ ደረጃ ነው
ዐሥራ ሁለት ዓመት የሳልኩት፣ ስንጥቁን ሳይቀር፣
ጉልበቴ ግን እንደ አዲስ ሰው ይንቀጠቀጥ ነበር።
ከታች አንድ ነገር አቃሰተ።
«የቧንቧ ነው» ልል አፌን ከፈትኩ፣ ፕሮፌሰሩ ምላሴ ላይ ተቀምጦ፤
ዋጥኩት።
ቲሜክ በጣቱ ቆጠረ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣
ትንሽ እጁን ወደ ጨለማው ዘረጋ፦
«ሒሳብ!»

ማንም አልከፈለም።